የሥጋ ማለስለሻ ሥራ፦ ከኮምቦልቻ ቶርኖ እስከ ደሴ ምጣድ

ጥቅምት መጀመሪያ፦ ትእዛዙ

ትእዛዙ የአክስቴ ነው። ደሴ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት አላቸው፤ ጠዋት ፉል፣ ቀንና ማታ ጥብስ፣ ቅቅልና ምንቸት አብሽ። ቅቅላቸው ይመሰገናል፣ ጥብሳቸው ይታማል። አንድ ደንበኛ ሒሳቡን ከፍሎ ሲወጣ «የመንጋጋዬንስ ማን ይከፍለኛል?» ብሏቸዋል። በዚያው ሳምንት ስልክ መጣ።

«አንተ ልጅ፣ ለአገሩ ሁሉ በርና መስኮት ትሠራለህ፤ ለእኔ ሥጋ የሚያለሰልስ ነገር መሥራት አቃተህ? ረመዳን ሳይገባ አድርስልኝ።»

የብረታ ብረት ሥራ ቤቴ ኮምቦልቻ ነው። ቶርኖ (ብረት እያዞሩ የሚቀርጹበት ማሽን)፣ ሞርሳ (ብረት ጨብጦ የሚይዝ)፣ ቁም ድሪል፣ ግራይንደርና ሳልዳቱራ (የብየዳ ማሽን) አለኝ። ገበያ ላይ ያየኋቸው የሥጋ መዶሻዎች አብዛኛዎቹ ብርማ ቀለም የተቀባ ቀላል አልሙኒየም ናቸው። ቀለሙ ከጥርሱ ጫፍ መላጥ ሲጀምር የት እንደሚገባ ግልጽ ስለሆነ ራሴ ልሠራ ወሰንኩ።

ብረት ከመቁረጤ በፊት ሥጋው ለምን እንደሚጠነክር ማወቅ ነበረብኝ። ለአክስቴ ሥጋ የሚያቀርቡትን ሐጂ ሥጋ ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኳቸው። አልደበቁም፦ «ይህ በሬ ስንት ክረምት ቀንበር እንደተሸከመ እሱና አላህ ናቸው የሚያውቁት።»

ምክንያቱ ሦስት ነው። ሲያርስ የኖረ ጡንቻ ቃጫው ሸካራ ነው። ቃጫውን ጠቅልሎ የያዘው ኮላጅን የሚባለው ሽፋን ደግሞ በሬው ባረጀ ቁጥር እርስ በርሱ እየተሳሰረ ይሄዳል፤ የጥጃው ቶሎ ይቀልጣል፣ የሽማግሌው በሬ ግን እሳት ላይ ይሸበሸብና ሥጋውን ይጨብጣል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ሰዓቱ ነው። በሬ ከታረደ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ጡንቻው መድረቅ ይጀምራል፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሁሉ የባሰ ይጠነክራል፤ ከዚያ በራሱ ኢንዛይሞች ቀስ እያለ ይላላል። ሐጂ የሚያርዱት ንጋት ላይ ነው። ትኩስ ቁርጥ የሚበላው ሰው ሥጋው ሳይደርቅ ያገኘዋል፤ የአክስቴ የማታ ጥብስ ግን በጣም በከፋው ሰዓት ምጣድ ላይ ይወጣል። ሐሜቱም በአብዛኛው የማታ ነው።

መዶሻ የሚሠራው ለቃጫው ነው፤ ለኮላጅኑ ድስት፣ ለሰዓቱ ደግሞ ማሳደር ያስፈልጋል። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ይህን ለአክስቴ ብነግራቸው «እኔ አንድ ዕቃ ነው ያዘዝኩህ» አሉኝ።

መለኪያው

«ለሰለሰ»፣ «አልለሰለሰም» እያሉ መከራከር ስለማያዋጣ መለኪያ ሠራሁ። በሥጋ ቤተ ሙከራዎች ዋርነር ብራትዝለር የሚባል መሣሪያ አለ፤ በልክ የተቆረጠ የበሰለ ሥጋ በማይሳል ምላጭ ሲቆረጥ ስንት ኪሎ ኃይል እንደፈለገ ያነባል። የእኔው ከዚያ የወረደ ነው፦ 10 ኪሎ የሚመዝን ዲጂታል የወጥ ቤት ሚዛን፣ በላዩ የእንጨት ቁራጭ፣ በእንጨቱ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ጎንና ጎን ያለው የተጠበሰ ሥጋ፣ ከላይ ደግሞ ጫፉ በሞረድ የደነዘ 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ። ቀስ ብዬ ስጫን ሥጋው እስኪበጠስ የታየውን ትልቁን ቁጥር እጽፋለሁ። ቁጥሩ ከሌላ ሰው ቁጥር ጋር አይነጻጸርም፤ የእኔን ሥጋ ከእኔው ሥጋ ጋር ለማወዳደር ግን ይበቃል።

ምንም ያልተነካ የኋላ እግር ሥጋ፣ እንደ ወጥ ቤቱ ልማድ ተቆርጦ ሲጠበስ ከ8 ኪሎ በላይ አነበበ። መነሻችን ይህ ነው።

ገና መሣሪያ ሳይሠራ አንድ ነገር ወጣ። የአክስቴ ሠራተኛ ሥጋውን የምትቆርጠው እንደ ቋንጣ ከቃጫው ጋር አብራ ነው። ያንኑ ሥጋ ቃጫውን አቋርጬ በትንንሹ ስቆርጠው ቁጥሩ ወደ 6 ወረደ። ወጪ የለውም፤ ሥጋውን ወደ ብርሃን አዙሮ መስመሮቹ ወዴት እንደሚሄዱ ማየትና ቢላውን በእነሱ ላይ መስቀለኛ ማሳረፍ ብቻ ነው። ነገሩ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም፤ ክትፎ ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? ቃጫው የሚታኘክ ርዝመት እስከማይቀረው ድረስ መክተፍ ነው። ዝልዝል ጥብስ ግን ቃጫውን በቁመቱ ስለሚተወው ከጭቅና ወይም ከሽንጥ ካልሆነ ከሽማግሌ በሬ ባይሠራ ይሻላል።

የወይራው መዶሻ

የመጀመሪያውን ከወይራ ሠራሁት፤ እንጨቱ ከባድ ነው፣ በቤትም ነበረ። በቶርኖ አድቦልቡዬ ፊቱ ላይ በመጋዝ ጥርስ አወጣሁለት። ሲመታ ጥሩ ነው። ሲታጠብ ግን ውሃው በጥርሶቹ ሥር ሰረገ፣ ከሳምንት በኋላ ስንጥቅ ታየ፣ በስንጥቁም ስብ ገባ። ሽታው እየተሻለ የሚሄድ ዓይነት አልነበረም። አሁን አክስቴ ነጭ ሽንኩርት ይወቅጡበታል።

የብረቱ መዶሻ

ከቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ 304 የሚባለው ዓይነት ስቴንለስ (የማይዝግ ብረት) ድቡልቡል በ900 ብር ገዛሁ። ማግኔት አልያዘውም፤ ይህ ብቻውን 304 መሆኑን ባያረጋግጥም ተራ ብረት አለመሆኑን ያሳያል። 40 ሚሊ ሜትር ያህል ቆረጥኩ፣ 600 ግራም ገደማ ሆነ። አንደኛው ፊት ለጥ ያለ፣ ሌላኛው ባለ ጥርስ እንዲሆን አሰብኩ።

ስቴንለስ ትዕግሥት የሌለውን ሠራተኛ ይቀጣል። ድሪሉ በፍጥነት ዞሮ ሳይቆርጥ ከተንሸራተተ የነካው ቦታ ወዲያው ይጠነክራል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ጫፍ አይገባውም። የእጀታውን ቀዳዳ ረዳቴ የጀመረው በዚያ መንገድ ስለነበር አንድ የድሪል ጫፍ ተቃጠለ። መፍትሔው ፍጥነትን ዝቅ አድርጎ፣ ዘይት እየጨመሩ፣ ሳያቋርጡ ጠንከር አድርጎ መግፋት ነው። ፍቅፋቂው ረጅም ሆኖ ከወጣ እየቆረጠ ነው፤ እንደ ዱቄት ከሆነ እያሻሸ ነው።

ለጥርሶቹ ፊቱን በ6 ሚሊ ሜትር ርቀት በመስመር ከፋፍዬ በ1 ሚሊ ሜትር ዲስክ ቦይ አወጣሁ፣ ከዚያ በሦስት ማዕዘን ሞረድ ሁሉንም ፒራሚድ አደረግኳቸው። የጥርሱ ቁመት 5 ሚሊ ሜትር ነው። ጫፉን መጀመሪያ እንደ መርፌ አሹዬው ነበር፤ በሙከራው ሥጋውን እየቦጫጨቀ ስለያዘው ጫፍ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ደፍጠጥ አደረግኩት። የቦዮቹንም ታች ክብ አደረግኩ፤ ማዕዘን ካለ ቡሩሽ አይደርስበትም።

እጀታው የስቴንለስ ቱቦ ነው። ለስቴንለስ በሚሆነው 308 ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) በየድኩት፣ ሁለቱንም ጫፍ ደፈንኩ። ክፍት ቱቦ የሥጋ ውሃ እየጠጣ ውስጡ ይሸታል፤ ይህ ከውበት የሚቆጠር ጉዳይ አይደለም። የብየዳውን ጥቁረት አጽድቼ ለስለስ እስኪል አሸሁት።

ከታጠበ በኋላ ሌሊቱን ሲያድር ፊቱ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወጣ። ረዳቴ «አጭበርብረውሃል፣ ይህ ስቴንለስ አይደለም» አለኝ። ብረቱ ደኅና ነው፤ ዝገቱ የመጣው ቀድሞ የተራ ብረት ቱቦላሬ ሲቆርጥበት ከነበረው ዲስክ ነው። የብረቱ ብናኝ በስቴንለሱ ፊት ላይ ይቀበርና እሱ ይዝጋል። ፊቱን በአዲስ ብርጭቆ ወረቀት ገፈፍኩ፣ በሎሚ አሲድ ውሃ ዘፈዘፍኩ፣ ነጠብጣቡ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ለስቴንለስ የሚሆን ዲስክና ሞረድ ለብቻው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል።

ኅዳር፦ መዶሻው ደሴ ደረሰ

ሠራተኛዋ በመጀመሪያው ቀን እንደ ብርበሬ ወቀጠችው። ሥጋው ጨርቅ ሆነ፤ ምጣድ ላይ ውሃውን ለቅቆ ተቀቀለ እንጂ አልተጠበሰም። ሐጂ አይተው «ክትፎ ነው ወይስ ጥብስ?» ብለው ሳቁብን።

ከዚያ በኋላ የሚሠራው አካሄድ ይህ ሆኗል። ሥጋው መጀመሪያ በሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት በሰፋፊ ጠፍጣፋ ቁራጭ ይቆረጣል፤ የሚቀጠቀጠው ይህ ጠፍጣፋው ነው፣ ለጥብስ በትንንሹ የሚቆረጠው ከተቀጠቀጠ በኋላ ነው። ተቆራርጦ ያለቀ ሥጋ መቀጥቀጥ ጥፋት ነው። ከላይና ከታች ንጹሕ ወፍራም ፕላስቲክ ይደረጋል፤ ፍንጣሪውንም መቦጨቁንም ይከለክላል። ከመክተፊያው በታች እርጥብ ጨርቅ ይነጠፋል፣ ያለዚያ መክተፊያው ይሸሻል። መክተፊያው ከጠረጴዛው እግር ትክክል በላይ ሲቀመጥ ግማሹ ጩኸት ይጠፋል፤ የጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ይህን ካገኘን ወዲህ ሰላምታ መስጠት ጀምሯል። ምቱ ከመሐል ወደ ዳር ይሄዳል። መዶሻው በራሱ ክብደት እንዲወድቅ መተው ነው፤ ክንድ ሲጨመርበት ነው ጨርቅ የሚሆነው። ባለ ጥርሱ ፊት አንድ ዙር በዚህ፣ ሥጋው ተገልብጦ አንድ ዙር በዚያ ይበቃዋል። ለጥ ያለው ፊት ደግሞ ውፍረቱን እኩል ለማድረግ ብቻ ነው፤ አንዱ ጫፍ ሳይበስል ሌላው እንዳይደርቅ።

መለኪያው ላይ የኋላ እግር ሥጋ ቃጫው ተቋርጦም ተቀጥቅጦም ወደ 4 ተኩል ወረደ። ወርች (የፊት እግር ሥጋ) ላይ ግን ምንም ለውጥ የለም። ጅማቱ ከመዶሻው ሥር ይሸሻል፣ ተመልሶ ይመጣል። አክስቴ «እንግዲህ ይህን ምን ልናደርገው ነው?» ሲሉ ቅቅል አልኳቸው፤ ያኔ አልወደዱልኝም።

ባለ ቢላው

በፎቶ ያየሁት ዕቃ ነበር፤ እንደ ማኅተም የሚጫን፣ ሲጫኑት ቀጫጭን ቢላዎች ከሥሩ ወጥተው ሥጋውን የሚበሱ፣ ሲለቁት በሞላ የሚመለሱ። ጃካርድ በሚባለው የአሜሪካ ስሪት ላይ 48 ቢላዎች በሦስት ረድፍ ተደርድረዋል። ከመዶሻ የሚለየው የሥጋውን ቅርጽ ሳያበላሽ ውስጡን መቁረጡ ነው፤ ጅማትንም ይቆርጣል።

በመጀመሪያ በቢላ ፋንታ 2.4 ሚሊ ሜትር የስቴንለስ ሽቦ ቆራርጬ፣ አሹዬ ተከልኩ። አልሠራም። ሹል ሽቦ ቃጫውን ወደ ጎን ገፍቶ ያልፋል እንጂ አይቆርጥም፤ ቀዳዳው ይታያል፣ መለኪያው ግን አይንቀሳቀስም። ሦስቱ ሽቦዎች ጎበጡም። ቢላ የግድ ቢላ መሆን አለበት፤ ጠፍጣፋ፣ ጫፉ እንደ መሮ በአንድ በኩል የተሳለ።

የቢላውን ብረት ከአሮጌ የወጥ ቤት ቢላዎች አገኘሁ፤ ስስ፣ ጠንካራና ርካሽ ናቸው። በውሃ እያቀዘቀዝኩ በ5 ሚሊ ሜትር ስፋት ቀደድኳቸው። ሳይቀዘቅዝ ከተቀደደ ጠርዙ ሰማያዊ ሆኖ ጥንካሬውን ይለቃል፣ ጎባጣ ይሆናል። 15 ቢላ በሦስት ረድፍ አደረግኩ፤ 48 ለመሥራት ትዕግሥቱም ብረቱም አልነበረኝም፣ በኋላ እንደታየው ደግሞ ቢላ በበዛ ቁጥር የሚያስፈልገው የክንድ ጉልበትም ይበዛል። ቢላዎቹ በሁለት የስቴንለስ ላሜራዎች መካከል ተጨብጠው በብሎን ይታሰራሉ።

ሥጋውን ከቢላው የሚያላቅቀው ታችኛው መሪ ሳህን ከወፍራም ነጭ የፕላስቲክ መክተፊያ የተቆረጠ ነው፤ በየቢላው ልክ ቀዳዳ አለው። በዚህ ሳህንና በላይኛው አካል መካከል ሞላ ማስገባት ነበረብኝ። የመጀመሪያዎቹ ሞላዎች ተራ ብረት ስለነበሩ ዛጉ፤ በዚህ መጠን የስቴንለስ ሞላ ኮምቦልቻም ደሴም ፈልጌ አጣሁ። በመጨረሻ ሞላውን ራሱን አስወገድኩት። በሳህኑ ግራና ቀኝ የጣት መያዣ አበጀሁለት፤ መዳፍ ሲጫን ቢላው ይገባል፣ ሁለት ጣቶች ሳህኑን ወደ ታች ይዘው መዳፍ ሲነሣ ሥጋው ይላቀቃል። ትንሽ ልምድ ይጠይቃል፤ በምትኩ የሚዝግ ነገር የለውም፣ ሁለት ባለ ክንፍ ዳዶ ሲፈታ ሁሉም ተለያይቶ ይታጠባል።

አጠቃቀሙ፦ ሥጋው መክተፊያ ላይ ይዘረጋል፣ ዕቃው ቀጥ ብሎ ይጫናል፣ ይነሣል፣ የራሱን ስፋት ያህል ይሻገራል። ዳር ሲደርስ ሥጋው ግማሽ ዙር ይዞራል፣ ይደገማል። የቢላው ጠፍጣፋ ቃጫውን እንዲያቋርጥ መሆን አለበት፤ ከቃጫው ጋር አብሮ ከገባ ከሽቦው አይሻልም። አጥንት ያለበት ሥጋ ላይ ፈጽሞ አይነካም። አንድ ጊዜ ጎድን ላይ ተሞክሮ የአንዱ ቢላ ጫፍ ተሰበረ። ቁራጩን እስክናገኝ ሥጋው ሁሉ ተበረበረ፣ ጥብሱ ለዚያ ምሽት ተሰረዘ። ከዚያ ወዲህ ከመጠቀም በፊትና በኋላ 15ቱም ጫፎች ይቆጠራሉ፤ ቁጥሩን በእጀታው ላይ ቀርጬዋለሁ።

ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ አለ። ጤነኛ ሥጋ ላይ ጀርም የሚገኘው በብዛት ላይ ላዩን ነው፤ እሳት መጀመሪያ የሚያገኘውም እሱኑ ነው። ቢላው ግን ያንን ላይ ላዩን ያለውን ወደ መሐል ይዞት ይገባል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በቢላ ወይም በመርፌ የተበሳ የበሬ ሥጋ መለያ ጽሑፍና የአበሳሰል መመሪያ ተለጥፎበት እንዲሸጥ የሚያስገድድ ደንብ አለ፤ ምክንያቱም ይኸው ነው። መሐሉ ቢያንስ 63 ዲግሪ ደርሶ ሦስት ደቂቃ ማረፍ አለበት። የእኛ ጥብስ በትንንሹ ተቆርጦ በደንብ ስለሚበስል ችግር የለውም። ለቁርጥ ግን ይህ ዕቃ ክልክል ነው። አንድ ደንበኛ «ቁርጤንም በዚያች አለስልሱልኝ» ሲል አክስቴ ራሳቸው «እሷ ከእሳት ውጭ አታውቅም» ብለው መለሱት። የተሰቀለችውም ከምድጃው በላይ ነው፤ የጥሬ ሥጋ መክተፊያው ወዳለበት አትሄድም።

እጥበቱ በሙቅ ውሃ፣ በሳሙናና በቡሩሽ ነው፤ ከዚያ በጣም በቀጠነ በረኪና ትነከርና ወዲያው በውሃ ትለቀለቃለች። በረኪና ውስጥ ማሳደር ስቴንለስንም ሳይቀር ይበሳዋል።

ውጤቱ፦ የኋላ እግር ሥጋ ከ4 በታች፤ ወርች ከ9 ወደ 6 ገደማ። ለወርች ይህ ትልቅ ነው፣ ለጥብስ ግን አሁንም አይበቃም።

ታኅሣሥ፦ ፓፓያ፣ ዝንጅብል፣ ሶዳ

የዱቄት ማለስለሻ ተብሎ በፓኬት የሚሸጠው በአብዛኛው ጨውና ፓፔይን ነው፤ ፓፔይን ከጥሬ ፓፓያ ነጭ ደም የሚወጣ ኢንዛይም ነው። ከቆላ የሚመጣ ፓፓያ ኮምቦልቻ ገበያ ስለማይጠፋ ፓኬት አልፈለግሁም። አረንጓዴው ነው የሚያስፈልገው፤ ሲበስል ኢንዛይሙ ይቀንሳል። ደሙ ቆዳ ያሳክካል፣ ጓንት ያስፈልጋል።

ፈግፍገን ሥጋው ላይ ለብጠን በማቀዝቀዣ አሳደርነው። ጠዋት ላዩ እንደ ገንፎ ነበር፣ መሐሉ እንደ ትናንቱ። ኢንዛይሙ በራሱ ከጥቂት ሚሊ ሜትር በላይ አይገባም። በብርድ ደግሞ ቀርፋፋ ነው፤ ዋና ሥራውን የሚሠራው ሥጋው እሳት ላይ ሞቆ 60 እና 70 ዲግሪ አካባቢ ሲያልፍ ነው፣ ከዚያ በላይ ይሞታል። ስለዚህ ረጅም ሰዓት መዘፍዘፍ ላዩን ከማበላሸት ሌላ ጥቅም የለውም። በባለ ቢላው ከተበሳ በኋላ ለአንድ ኪሎ አንድ የሾርባ ማንኪያ የፓፓያ ፍግፋጊ፣ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ ጠርጎ ወደ ምጣድ፤ ይህ ሠርቷል። ቀዳዳዎቹ መንገድ ይሆኑለታል።

አናናስም ተመሳሳይ ኢንዛይም አለው፤ የጣሳው ግን በሙቀት ስለተዘጋጀ አይሠራም። ዝንጅብል ለእኛ ከሁሉም ይቀርባል። የራሱ ኢንዛይም አለው፣ ኮላጅን ላይም ይበረታል፣ ጣዕሙም ለጥብስ እንግዳ አይደለም። እርጥቡ ተፈግፍጎ ነው፤ የደረቀው ዱቄት ላይ ለውጥ አላየሁም። አክስቴ ከፓፓያው ይልቅ ይህን መረጡ፦ «ፓፓያ በሥጋ ላይ ሲያዩኝ ሰዎች ምን ይሉኛል?»

ሎሚ ላዩን ያነጣዋል፣ ሲቆይ ያደርቀዋል፤ ለጣዕም እንጂ ለማለስለስ አልያዝኩትም።

ቤኪንግ ሶዳ ግን አስገረመኝ። በስሱ ለተቆረጠ 350 ግራም ሥጋ አንድ የሻይ ማንኪያ በትንሽ ውሃ በጥብጦ ማሸት፣ 15 ደቂቃ፣ ከዚያ በደንብ ማለቅለቅና ማድረቅ። የሥጋውን አሲድነት ስለሚቀንስ ቃጫዎቹ እሳት ላይ አጥብቀው አይጨባበጡም፣ ውሃውንም አይለቅም። ከመጠን ካለፈ ሳሙና ሳሙና ይላል። ቤኪንግ ፓውደር በምትኩ አይሆንም፤ ሠራተኛዋ ሞክራው ጥብሱ ጎመዘዘ።

ያደረ ሥጋ

ከሐጂ ጋር የተከራከርነው በዚህ ነው። ለጥብስ የሚሆነውን ሥጋ ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ወስደን ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ባለ ማቀዝቀዣ ብናሳድረው ራሱ ይለሰልሳል፤ ውጭ አገር ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ያሳድሩታል። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ እኔ ያደረ ሥጋ ሸጥክ ከምባል ሱቄን ብዘጋ ይሻለኛል።» አልፈርድባቸውም። ማቀዝቀዣ በሌለበት ዘመን ትኩስነት ብቸኛው የጤንነት ማረጋገጫ ነበር።

ተስማምተን የያዝነው መካከለኛ ነው። ሐጂ ንጋት ላይ ያረዱትን ሸጠው ለአክስቴ የሚሆነውን ከአጥንቱ ሳይለዩ ይሰጣሉ፤ አክስቴ ወዲያው አያቀዘቅዙትም። ገና ትኩስ ሥጋ ከመድረቁ በፊት ከ10 ዲግሪ በታች ከወረደ ጡንቻው ተኮማትሮ ይቀርና ከቀድሞውም ይብሳል። የጠዋቱ ሥጋ እስከ ቀትር በደሴ ብርድ ተሰቅሎ ቆይቶ ነው የሚገባው። ሁለት ሌሊት ያድራል። መብራት ከጠፋ ማቀዝቀዣው አይከፈትም፤ መጥፋቱ ከረዘመ ሥጋው ያንኑ ቀን ቅቅል ይሆናል። ቀለሙ ጠቆር ስለሚል ለደንበኛ በጥሬው አይታይም። መለኪያው ላይ ይህ ብቻውን፣ ያለ መዶሻ፣ ከመዶሻው ጋር እኩል ወጣ። ብረት ለሚሠራ ሰው ደስ የሚል ውጤት አይደለም።

ድስቱ

ወርች የተፈታው በመጨረሻ በድስት ነው። ኮላጅን ከ70 ዲግሪ በላይ በእርጥብ ሙቀት ቀስ እያለ ወደ ጄላቲን ይለወጣል፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ይፈጥናል። እዚህ ላይ የደሴ ከፍታ ጠላት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ኮምቦልቻ፣ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ 94 ይደርሳል። ሁለት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፣ ያንኑ ወርች ሁለቱም ቦታ ቀቅዬ ግን ደሴ ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ ዘገየ። እሳት መጨመር አይረዳም፤ ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ አይሞቅም።

በግፊት የሚሠራ ድስት ከፍታውን ይሰርዘዋል፣ ውስጡ 115 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ወርችና ፍሪምባ 50 ደቂቃ ይበቃቸዋል። አክስቴ ድስቱ ሲያፏጭ መጀመሪያ ከወጥ ቤት ወጥተው ነበር የሚጠብቁት። የጎማ ቀለበቱና የእንፋሎት መውጫው በየቀኑ መታየት አለባቸው፤ ቅባት ከደፈነው አደገኛ ነው።

አሁን ከድስቱ የወጣው ወርች ተቆርጦ ምጣድ ላይ በቅቤ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ቶሎ ይመታል። ምግብ ዝርዝሩ ላይ ስሙ ጥብስ ነው።

ጥር መጨረሻ፦ ሒሳብና የቀረ ሥራ

የብረት መዶሻው፦ ስቴንለስ 900 ብር፣ ለእጀታው ቱቦ 250፣ ኤሌክትሮድ 180፣ ዲስክና ብርጭቆ ወረቀት 320፣ የተቃጠለው የድሪል ጫፍ 150። ባለ ቢላው፦ አሮጌ ቢላዎች 300፣ ፕላስቲክ መክተፊያ 450፣ ላሜራ ከቤት፣ ብሎንና ባለ ክንፍ ዳዶ 160፣ የተጣሉት ሞላዎች 120። የጉልበት ዋጋ አልያዝኩም፤ አክስቴ በየጊዜው ምሳ እያበሉ ሲከፍሉ ቆይተዋል፣ አብዛኛውም የሙከራ ሥጋ ነበር። ለሙከራ የገባው ሥጋ ከብረቱ ሁሉ በላይ ያወጣል።

የማታው ጥብስ አሁን ሁለት ሌሊት ካደረ የኋላ እግር ሥጋ ነው፤ ይበሳል፣ በዝንጅብል ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል፣ ቃጫው ተቋርጦ ይቆረጣል። ሥጋው በችኮላ ሲመጣና ሳያድር ሲቀር መዶሻና ሶዳ ይተካሉ። ሁለቱንም ማብዛት አያስፈልግም፤ ሁሉንም በአንድ ላይ ያደረግን ጊዜ ጥርስ የማይፈልግ፣ ጣዕምም የሌለው ነገር ወጥቷል።

የቀረው፦ የመሪው ሳህን ቀዳዳዎች ቢላው እየነካቸው ሰፍተዋል፣ የፕላስቲክ ፍቅፋቂ ሥጋ ውስጥ እንዳይገባ በአዲስ መለወጥ አለበት፤ ቀጣዩን ቀዳዳ ከቢላው ግማሽ ሚሊ ሜትር አስፍቼ እሠራለሁ። ቢላዎቹም ስለት ይፈልጋሉ። ሐጂ ደግሞ አንድ መዶሻ እንድሠራላቸው አዝዘዋል፤ ለቤታቸው ነው፣ ሱቅ ውስጥ እንዳይታይ ብለዋል።